ቀጥ ብሎ የቆመው ስንዴ

መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ጥድፊያ ይሏታል። ወንበር ላይ ከሩብ ሰዓት በላይ ተቀምጣ ያያት ሰው ስለሌለ የወጣላት ስም ነው። ስልክ ስታወራ ኮሪደሩን ከዳር እስከ ዳር ታካልለዋለች፤ ስብሰባ ላይ በሩን ተደግፋ ቆማ ትሰማለች፤ ሻይዋን እንኳ የምትጠጣው ከመስኮት ወደ መስኮት እየተዘዋወረች ነው። የሥራ ባልደረቦቿ ለምደዋታል። ያን ሳምንት ግን መጣደፏ ለራሷም ጭንቅ ሆነባት።

ቢሮው ሰባት ሠራተኞች የሚሠሩበት፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለ ረጅም ክፍል ነው። ሥራቸው ማጭድም ሆነ ኮምባይነር ማሳ ውስጥ ሳይገባ፣ አገሪቱ ዘንድሮ ስንት ስንዴ እንደምታገኝ አስቀድሞ መናገር ነው። ለዚህም ሦስት ዓይን አላቸው። አንደኛው ሳተላይት ነው፤ በየጥቂት ቀኑ ከላይ እያለፈ እያንዳንዱ ማሳ ምን ያህል እንደለመለመ ይመዘግባል። ሁለተኛው ሆዱ ላይ ካሜራ የተገጠመለት ትንሽ አውሮፕላን ነው፤ ዝቅ ብሎ እየበረረ፣ ሳተላይቱ ስንዴ ነው ያለው እውነትም ስንዴ መሆኑን ያረጋግጣል። ሦስተኛው ለኪ የሚሉት፣ በእግሩ የሚሄድ ሰው ነው፤ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ የብረት አራት ማዕዘን ተሸክሞ ከማሳ ማሳ እየዞረ፣ ብረቱ ውስጥ የገባውን የስንዴ ዛላ ቆጥሮ ቅጽ ይሞላል። ሦስቱን አገናኝቶ አንድ ቁጥር ማውጣት የጥድፊያ ሥራ ነበር። ያ ቁጥር ዓርብ ቀን ስድስት ሰዓት ላይ ለሚኒስቴሩ ይላካል፤ ሚኒስቴሩም ቁጥሩን አይቶ ከውጭ ስንት መርከብ ስንዴ እንደሚታዘዝ ይወስናል።

ረቡዕ ጠዋት ቁጥሩ ወጣ። በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ እንዲህ ያለ ትልቅ ቁጥር አልታየም ነበር።

«እሰይ!» አለ ካርታ ሠሪው፣ ከኮምፒውተሩ ጀርባ ብቅ ብሎ። «ዘንድሮ መርከቦቹ ባዶአቸውን ይዋኛሉ።»

ዳይሬክተሩ ከክፍላቸው ወጥተው መጡ። ዝምተኛ፣ ሹራብ የማይለያቸው ሰው ናቸው፤ ደስ ሲላቸው መነጽራቸውን አውልቀው ይወለውላሉ። እየወለወሉ ጠየቋት።

«ከስሌቱ የወጣ ነገር አለ?»

«ጥቂት የተበላሹ ነጥቦች ብቻ ናቸው፤» አለች ጥድፊያ።

«የምን ብልሽት?»

«የለኪው ስህተት ነው።»

ዳይሬክተሩ ራሳቸውን ነቅንቀው ተመለሱ። እሷ ግን ውሃ ልትቀዳ ወጣች፤ ብርጭቆውን ሞልታ ሳትጠጣው ተመለሰች፤ ደግሞ ወጣች። ውሸት አልተናገረችም። እውነቱንም ግን አልተናገረችም ነበር።

ነጥቦቹ አሥራ ስምንት ናቸው። አሥራ ስምንቱም ከአንድ ወረዳ፣ ከላይኛው ሜዳ የመጡ ናቸው፤ አሥራ ስምንቱንም የሞላው አንድ ሰው ነው። ሰውዬው ደግሞ ታላቅ ወንድሟ ነው።

ወንድሟን ቤተሰቡ እጥፌ ይለዋል። ልጅ ሆኖ አንድ እባብ ካየ ሰባት ብሎ ይገባል። የጎረቤት ወጥ ቤት ጢስ ካየ ሰፈሩ ተቃጠለ ብሎ ይጮሃል፤ አንድ ጊዜ እንዲያውም ግማሽ መንደር ባልዲ ባልዲውን ይዞ ወጥቶ፣ ያረረ ድስት ላይ ውሃ ደፍቶ ተመልሷል። ሰው ስቆ ያልፈዋል። ጥድፊያ ያላለፈችው አንድ ነገር አለ። ሃያ ዓመት ሆኖታል። ለውጭ አገር ትምህርት የመጨረሻውን ፈተና ልትቀመጥ አንድ ቀን ሲቀራት እጥፌ ደወለ፦ «አባዬ እያለቀ ነው፤ ድረሽ!» ፈተናውን ጥላ ሌሊቱን በአውቶቡስ ተጉዛ ስትደርስ፣ አባቷ ብርድ ልብስ ተከናንቦ፣ አፍንጫው ቀልቶ፣ ሾርባ ሲጠጣ አገኘችው። ጉንፋን ነበር። አባቷ ከዚያ በኋላ ዘጠኝ ዓመት ኖረ። ፈተናው ግን አልተመለሰም።

ስለዚህ ከአሥር ቀን በፊት የእጥፌ ቅጾች ሲደርሷት፣ ገና ስሙን ስታየው ፊቷ ተለወጠ። ቅጹ ላይ አንድ ዛላ ስንት ፍሬ እንደያዘ የሚጻፍበት ሳጥን አለ። መሞላቱ ግዴታ አይደለም፤ ባዶ ከተተወ ፕሮግራሙ ያለፉትን ዓመታት አማካይ፣ ሠላሳን፣ ራሱ ይሞላዋል። አብዛኞቹ ለኪዎች ባዶ ይተዉታል፤ ዛላ እየፈለፈሉ ፍሬ መቁጠር ጣት ያቆስላል። እጥፌ ግን አሥራ ስምንቱንም ጊዜ ሞልቶታል። አሥራ አራት፣ አሥራ ሦስት፣ አሥራ አራት፣ አሥራ አምስት። ከመደበኛው ግማሽ አይበልጥም። ሳተላይቱ ደግሞ ያንኑ ወረዳ ጥቅጥቅ ባለ አረንጓዴ ቀለም ቀብቶታል። «እጥፌ ደግሞ ጀመረ፤» አለች በሆዷ፤ አሥራ ስምንቱንም «አይካተት» የሚል ምልክት አድርጋባቸው አለፈች። ስልክ አንስታ አልጠየቀችውም።

ረቡዕ ምሳ ሰዓት ላይ እናቷ ደወለች። እናቷ የምትኖረው ከእጥፌ ጋር ነው።

«ልጄ፣ ወንድምሽ ምግብ አልበላልኝ አለ።»

«አሞት ነው?»

«እኔ እንጃ። ማሳ ለማሳ ሲዞር ይውልና መጥቶ ግድግዳ ያያል። ምነው ስለው ስንዴው ትንሽ ከፋ ይለኛል።»

«ትንሽ?» ጥድፊያ ኮሪደሩ መሃል ቆመች። «ትንሽ ነው ያለሽ?»

«ትንሽ ነው ያለኝ። አንቺ ሙች፣ ትንሽ። እኔም እሱ ነው ያስፈራኝ። ይሄ ልጅ ከተወለደ ጀምሮ ትንሽ የሚል ቃል ከአፉ ሰምቼ አላውቅም።»

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ጥድፊያ ኮሪደሩን አራት ጊዜ ተመላለሰች። ከዚያ የበረራ መርሐ ግብሩ የተለጠፈበት ሰሌዳ ፊት ቆመች። የዓመቱ የመጨረሻ የአየር ቅኝት ለነገ ጠዋት፣ ለላይኛው ሜዳ ነበር። በአውሮፕላኑ የሚሄደው ካርታ ሠሪው ነው። ወደ እሱ ሄደች።

«ቦታህን ስጠኝ።»

«አንቺ? ባለፈው በረራ ሦስት የማስታወኪያ ከረጢት አልሞላሽም እንዴ?»

«አራት እይዛለሁ።»

ሐሙስ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ተነሡ። አውሮፕላኑ ሁለት ሰው ብቻ የሚይዝ፣ በሩ ካልተደገፈ የማይዘጋ አሮጌ ነገር ነው። ካፒቴኑ ስልሳን የተሻገሩ፣ ቀልዳቸውን ፊታቸው ሳይፈታ የሚወረውሩ ሰው ናቸው። ጥድፊያን ቀበቶዋን አጥብቀው አሰሩላትና «ዛሬ እንኳ ተይዘሽ ትቀመጫለሽ፤» አሏት።

ለመጀመሪያው ሰዓት ሁሉም ነገር ያማረ ነበር። ታችኛው ሜዳ ወርቅ መስሏል፤ እርሻው እንደ ተዘረጋ ምንጣፍ ከአድማስ አድማስ ይታያል። ካሜራው በየሁለት ሴኮንዱ ቀጭ ይላል። ጥድፊያ ከረጢቷን ጨብጣ ወደ ታች ታያለች። ልቧ መለስ አለላት። ቁጥሩ ልክ ነው አለች። ከዚያ መሬቱ ከፍ እያለ ሄደ፤ ወደ ላይኛው ሜዳ ገቡ፤ ወርቁም አረንጓዴ ሆነ።

የሚያምር አረንጓዴ ነው። ሳተላይቱ አልዋሸም።

«እንግዳ ነገር ነው፤» አሉ ካፒቴኑ በጆሮ ማዳመጫው።

«ምኑ?»

«አሥራ አራት ዓመት እዚህ ላይ በርሬያለሁ። በዚህ ሳምንት አረንጓዴ ሆኖ አይቼው አላውቅም። አምና ይኼኔ ደርቆ ቢጫ ነበር። ያቻምናም። ዘንድሮ ስንዴው መሞት የረሳ ይመስላል።»

ለምለም መሆኑን ሁሉም አይቷል፤ ለምን እስካሁን ለምለም እንደሆነ ግን አንድም ሰው አልጠየቀም። እሷም ጭምር።

«ካፒቴን፣ እዚህ አካባቢ የሚያርፉበት ሜዳ አለ?»

«መድኃኒት የሚረጩት አውሮፕላኖች የሚያርፉባት አንዲት ሜዳ አለች። ለምን?»

«አንድ ሰው ማግኘት አለብኝ። ግማሽ ሰዓት ብቻ።»

ካፒቴኑ የነዳጁን መለኪያ አዩ፤ እሷን አዩ። «አርባ ደቂቃ፤» አሉ። «ከዚያ በላይ ከቆየሽ በእግርሽ ትመጫለሽ።»

እጥፌ በሞተር ብስክሌት አቧራ እያስነሣ ደረሰ። ገና በአየር ላይ ሳሉ በካፒቴኑ ሬዲዮ በኩል አስጠርታው ነበር። ከወረደ በኋላ ሞተሩን ማቆም ረስቶ ትንሽ ከእሱ ጋር ታገለ። ከስቷል፤ ኮሌታው ለአንገቱ ሰፍቶታል።

«ምነው እህት ዓለም፣ በመሬት መምጣት ቀረ?» አላት። ሳቀ፤ ሳቁ ግን ዓይኑ ጋ አልደረሰም።

«ስንዴውን አሳየኝ።»

ሜዳው ጠርዝ ላይ ያለው ማሳ ውስጥ ገቡ። ስንዴው እስከ ወገቧ ይደርሳል። ነፋስ ሲነካው ቀላል ድምፅ ያሰማል፤ እንደ ወረቀት። እጥፌ እንድታይ ጠበቃት። ለጥቂት ጊዜ ዞር ዞር ብላ አየች። ስለ ስንዴ ሃያ ዓመት ሠርታለች፤ አብዛኛውን ግን ከላይ ሆና ነው።

«ቀጥ ብሏል፤» አለች በመጨረሻ።

«ቀጥ ብሏል። ፍሬ ቢይዝ ኖሮ ከክብደቱ የተነሳ አንገቱን ይደፋ ነበር።» አንድ ዛላ ቀነጠሰና በሁለት መዳፉ መሃል አሸው፤ እፍ ሲለው ገለባው በረረ። መዳፉን ዘረጋላት። ሦስት የተጨማደዱ ፍሬዎች ቀርተዋል። «አንቺም ሞክሪ። ከፈለግሽው ቦታ ቅጠፊ፤ አንተ መረጥክልኝ እንዳትዪ።»

እዚህም እዚያም እየሮጠች ቀጠፈች። ሰባት። አምስት። ምንም። ስድስት። ምንም። መዳፏ ቀላ።

«እና ለምን አረንጓዴ ሆነ?»

«የሚመግበው ፍሬ የለውማ! ፍሬ ቢኖረው ያለውን ሁሉ ለፍሬው ሰጥቶ ይደርቅ ነበር። አሁን ለማን ብሎ ይደርቃል? አበባ ላይ እያለ ሦስት ሌሊት ውርጭ ወረደበት። ቅጠሉን አልነካውም፤ አበባውን ብቻ ነው የገደለው። ከላይ ለሚያየው ሰው ምንም አልሆነም።»

ጥድፊያ የቅጾቹን ዝርዝር ከቦርሳዋ አወጣች። ጣቷ አሥራ አራት የሚለው ላይ ቆመ። አንድ ነገር አልገጠመላትም። አሁን በእጇ ካሸቻቸው ውስጥ አሥራ አራት ቀርቶ አሥር የደረሰ የለም።

«አሥራ አራት ነው ያልከው፤» አለች። «እዚህ አሥራ አራት የታለ?»

እጥፌ ፊቱን አዞረ። ከኪሱ ጥግ ጥጉ የተበላ ትንሽ ደብተር አወጣና ሰጣት። ያው ቀን፣ ያው ማሳ ነው። በእርሳስ የተጻፈው ግን ሌላ ነበር። ስድስት። አምስት። ስድስት። ሰባት። አራት። ስድስት።

«ጨምረህ ነው የጻፍከው?»

«ጨምሬ ነው።»

«ለምን?»

«ስድስት ብል ኖሮ ታምኚኝ ነበር?» ድምፁ ከፍ አለ። «ንገሪኛ! ከሠላሳ ወደ ስድስት ወረደ ብሎ እጥፌ ጻፈ ቢባል ቢሮ ሙሉ ሰው አይስቅም? አሥራ አራት ግን ያስኬዳል። አሥራ አራት ሲባል ሰው ምን ሆኖ ነው ብሎ ይመጣል ብዬ ነው። አንቺ ትደውያለሽ ብዬ ነው።»

ጥድፊያ መናገር ስላለባት ተናገረችው።

«አሥራ አራቱንም ጣልኩት።»

«ምን አልሽ?»

«አሥራ ስምንቱንም አውጥቻቸዋለሁ። ከስሌቱ ውስጥ የሉም።»

«ማን አዘዘሽ?»

«ማንም።»

እጥፌ ፊቱ ደም መሰለ። ሁለት እርምጃ ሄደ፣ ተመለሰ፤ ያን ጊዜ ያያቸው ሰው ወንድምና እህት መሆናቸውን ለማወቅ መጠየቅ አያስፈልገውም ነበር። «የአባዬ ነገር ነው አይደል? ዛሬም እሱ ነው! ሃያ ዓመት! ሲያስለው ደም ያየሁ መሰለኝ፤ ብቻዬን ነበርኩ፤ ፈራሁ! አሥር ጊዜ ይቅርታ ጠየቅኩሽ...»

«ሁለት ጊዜ ነው የጠየቅከኝ።»

«እሺ፣ ሁለት ጊዜ!»

በሌላ ቀን ይስቁ ነበር። ከሜዳው ወዲያ ካፒቴኑ ሰዓታቸውን ከፍ አድርገው አሳዩዋት። ጥድፊያ ደብተሩን ጨብጣ ቆመች።

«ይሄን ልወስደው ነው፤» አለች።

«ከወሰድሽው እኔ አበቃልኝ። ቅጽ አዛብቶ የሞላ ለኪ ምን እንደሚደረግ ታውቂያለሽ። ደንቡን የጻፋችሁት እናንተ ናችሁ።»

«አውቃለሁ።»

«እና?»

«እና የእኔንም እናገራለሁ።»

«የአንቺን ብትናገሪ የእኔ ይቀልልኛል?» አለ እጥፌ። ነገር ግን ደብተሩን ሊነጥቃት እጁን አልዘረጋም። ሞተሩን አስነሥቶ ሳይሰናበታት ሄደ። ደብተሩ እጇ ላይ ቀረ።

ዓርብ ጠዋት ጥበቃው በሩን ሲከፍት ጥድፊያ ደረጃው ላይ ወዲያ ወዲህ እያለች አገኛት። በሥራቸው የማይጠቀሙበት ሌላ ሳተላይት አለ፤ ሌሊት እያለፈ የመሬቱን ሙቀትና ቅዝቃዜ የሚመዘግብ። የዚያን ምስሎች አወረደች። የሦስቱን ሌሊቶች ቅዝቃዜ በአንድ ካርታ ላይ አደረገች፤ በዚያ ሳምንት አበባ ላይ የነበሩትን ማሳዎች በሌላ ላይ። ሁለቱን ስታነባብራቸው ላይኛው ሜዳ ብቻ አልነበረም። ውርጭ አበባ ላይ ያገኘውን ማሳ የሚያሳየው ቀይ ቀለም ከወንድሟ ወረዳ ተነሥቶ በሸንተረሩ በኩል ወደ ምሥራቅ ተዘርግቷል። ከአገሪቱ የስንዴ መሬት አንድ አምስተኛውን ያህላል። ሁለት ጊዜ ደግማ ሠራችው። ሁለቱንም ጊዜ ያው ሆነ።

ዳይሬክተሩ ሁለት ሰዓት ሲሆን ገቡ። በሩን ዘግታ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገረቻቸው። መነጽራቸውን አላወለቁም።

«ነጥቦቹን ያወጣው ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

«ረቡዕ የለኪ ስህተት ነው አልሽኝ።»

«አዎ።»

«ሰውዬው ወንድምሽ መሆኑን አልነገርሽኝም።»

«አልነገርኩዎትም።»

«አሁን ደግሞ ቅጹ አሥራ አራት ይላል፣ ደብተሩ ስድስት ይላል፤ ሁለቱንም የጻፈው አንድ እጅ ነው። የትኛውን ልመን? በአራት ሰዓት ውስጥ ለሚኒስቴሩ የምልከውን ቁጥር በአንድ ደብተር ልለውጥ?»

«ደብተሩን አይመኑ። እኔንም አይመኑ፤» አለች። «ሌሎች ለኪዎች ጋ እንደውል። አሁኑኑ። ማሳ ገብተው አሥር አሥር ዛላ አሽተው ይቁጠሩ። ቀዩ ካለበት ባዶ፣ ቀይ ከሌለበት ሙሉ ከሆነ፣ ያን ጊዜ ካርታውን ያምኑታል።»

ዳይሬክተሩ ካርታውን አዩና ስልኩን ራሳቸው አነሡ።

አራት ሰዎች ጋ ደወሉ፤ ሁለቱ ቀዩ ውስጥ፣ አንዷ ቀዩ ጫፍ ላይ፣ አንዱ ከቀዩ ውጭ። ከዚያ መጠበቅ ሆነ። ጥድፊያ መስኮቱን ከፈተች፤ ዘጋችው። ካርታ ሠሪው የሚናገረው ቀልድ ጠፍቶት እርሳስ ይቀርጻል። ሦስት ሰዓት ተኩል ሲሆን ከውጭኛው ለኪ መልስ መጣ፦ ሠላሳ አንድ፣ ሃያ ዘጠኝ፣ ሠላሳ፤ ሙሉ ነው፤ ምነው ጠየቃችሁ? አራት ሰዓት አለፈ። ከዚያ ቀዩ ውስጥ ያለው አንዱ ደወለ።

«ኧረ ምን ጉድ ነው!» አለ። «ባለፈው ሳምንት እዚሁ ማሳ ውስጥ ዛላ ስቆጥር ውያለሁ። አልፈለፈልኩትም ነበር እንጂ... ባዶ ነው። አራት። ሰባት። ዜሮ። ባለቤቱ አጠገቤ ቆሟል፤ ምን ልበለው?»

«አጠገቡ ቁም፤» አሉት ዳይሬክተሩ።

ሁለተኛውም ባዶ አለ። ከጫፉ የደወለችው ለኪ ግን ካርታውን አፈረሰችው፦ ሃያ ስምንት፣ ሠላሳ፣ ሃያ ሰባት። ሙሉ ነው። ጥድፊያ ወንበሩን ገፍታ ተነሣች፤ ዳይሬክተሩ አዩዋት። «የተዘራው መቼ ነበር?» ብላ ስልኩን ከእጃቸው ነጠቀች። የምሥራቁ ጫፍ ዝናብ ዘግይቶበት ሁለት ሳምንት ቆይቶ የተዘራ መሆኑን ሴትዮዋ ነገረቻት። ውርጩ ሲወርድ ገና አላበበም ነበር። ጥድፊያ ዘግይተው የተዘሩትን ሁሉ ከቀዩ አወጣች፤ ስሌቱን እንደገና አስኬደች። ረቡዕ የወጣው ቁጥር ከሰባት እጁ አንድ እጅ ወረደ። በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ አልታየም የተባለው ዓመት መካከለኛ ዓመት ሆነ።

ለስድስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲል ተላከ። ዳይሬክተሩ ከሥሩ በራሳቸው እጅ አንድ መስመር ጨመሩበት፦ ቁጥሩ በመስክ ምርመራ ገና ሊለወጥ ይችላል የሚል። ከዚያ «ሰኞ ሁለታችሁንም በተመለከተ እጽፋለሁ፤» አሏት። እንዳሉትም ጻፉ።

የጥድፊያ ደብዳቤ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ነበር። ከዚያ በኋላ የሁለት ሰው ፊርማ ሳይኖር አንድም ነጥብ ከስሌት እንዳይወጣ ተወሰነ። እጥፌ ለሁለት ዓመት ከለኪነት ታግዶ የወረዳው የዘር መጋዘን ተመደበ። ስልክ አላነሣላትም። እናታቸው በመሃል ሆና «ደህና ነው፣ ይበላል፤» ትላታለች፤ ሌላ ቃል አትጨምርም። አጨዳው ሲያልቅ የአገሪቱ ስንዴ እሷ ካለችው ቁጥር ጥቂት በለጥ ብሎ፣ ረቡዕ ከወጣው ግን እጅግ አንሶ ተገኘ። መርከቦቹ በጊዜ ታዘዙ። ጋዜጣው ላይ የወጣው ሁለት መስመር ነው፤ ማንም አላነሣውም።

ከአጨዳው በኋላ አንድ ቅዳሜ፣ ሳታስታውቅ፣ ወደ ላይኛው ሜዳ ሄደች። እጥፌ መጋዘኑ ውስጥ ከጆንያ ጆንያ እየተላለፈ ለገበሬዎች ዘር ያድላል። ሲያያት ሥራውን አላቋረጠም።

«ቅጹ ተለወጠ፤» አለችው፣ ተራው ጋብ ሲል። «የፍሬው ሳጥን ባዶ መተው ቀርቷል። ሁሉም ለኪ መፈልፈል አለበት።»

«የእኔን ስም ጠቀሱት?»

«አልጠቀሱትም።»

«ጥሩ። ቢጠቅሱት ማን ያምናል?» አፉ ጫፍ ላይ ፈገግታ መጣና ሄደ። ጆንያውን አስተካክሎ ቀና አለ። «አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። ቅጾቼን ከመጣልሽ በፊት ለምን አልደወልሽም? አንድ ስልክ ነበር እኮ።»

በመንገድ ላይ ብዙ መልስ አዘጋጅታ ነበር። ሁሉንም ተወችው።

«መደወል ነበረብኝ፤» አለች።

አንዲት ሴትዮ ባዶ ከረጢት ይዛ ገባች፤ ሁለት ሌሎችም ከኋላዋ። ዘር የሚጠብቀው ሰው ብዙ ነበር፤ ውርጭ የመታው ስንዴ ለዘር የሚሆን አላተረፈላቸውም። እጥፌ በአንድ እጁ ጆንያውን በሌላው መስፈሪያውን ይዞ ሲቸገር፣ ጥድፊያ ሄዳ የሴትዮዋን ከረጢት አፍ ከፍታ ያዘችለት። እሱ ቀዳ፤ እሷ ያዘች። ቀጣዩንም። ከዚያ የሚቀጥለውን። የአምስት ሰዓቱ አውቶቡስ አመለጣት፤ የዘጠኝ ሰዓቱን ጠበቀች።